የሎብስተር ጅራት በቤት፦ ቶሎ ማውረድ ለሚከብደን

እኛ ዘንድ ምግብ የሚመሰገነው እሳት ላይ በቆየበት ልክ ነው። ሽንኩርቱ እስኪሟሟ ይቁላላል፣ በርበሬው ውኃ ጠብ ጠብ እየተደረገለት ይበስላል፣ ዶሮው በቀስታ ይንተከተካል። ቶሎ የወረደ ወጥ «ጥሬ ጥሬ ይላል» ተብሎ ይታማል። የሎብስተር፣ ማለትም ጠንካራ ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ፣ ጅራት የሚበላሸው በዚሁ በጎ ጠባያችን ነው። «ለማንኛውም ትንሽ ይቆይ» ብለን የጨመርናት ሁለት ደቂቃ ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበትን ሥጋ ጎማ ታደርገዋለች። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ፣ አገዛዙም አቆራረጡም፣ ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ሥጋውን በሰዓቱ ከእሳት ለማውጣት።

የምሠራው ቦስተን ውስጥ፣ የባሕር ምግብ በሚቀርብበት አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ነው። የፈረንጆች ገና ሲቃረብና የፍቅረኞች ቀን ሲደርስ መደብሮች የሎብስተር ጅራት በብዛት ያወጣሉ፤ ያኔ ዘመድ ወዳጅ ስልክ መደወል ይጀምራል። «ዋጋው ቀንሶ አገኘሁት፣ አራት ጅራት ገዛሁ፣ አሁን ምን ላድርገው?» ጥያቄው የሚመጣው ሁልጊዜ ከተገዛ በኋላ ነው። የሙያው ግማሽ ግን መደብሩ ውስጥ ያልቃል።

ሲገዛ

«የሎብስተር ጅራት» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በአሜሪካ ግዛቶች በሜይንና በማሳቹሴትስ፣ እንዲሁም በካናዳ የአትላንቲክ ዳርቻ የሚያዘው ሎብስተር ሁለት ትልልቅ መቆንጠጫዎች አሉት። በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ሥጋው ጠበቅ ያለና ጣፋጭ ነው። በፍሎሪዳ፣ በባሃማስ፣ በሆንዱራስ፣ በኒካራጓና በብራዚል የሚያዘው ደግሞ እሾሃማው ሎብስተር ነው። እሱ መቆንጠጫ የለውም፤ ያለው ወፍራምና ረጅም አንቴና ነው። የሚበላው ሥጋው በአብዛኛው ጅራቱ ላይ ስለሆነ ነጋዴዎች ጅራቱን ቆርጠው፣ በረዶ አድርገው ለዓለም ይሸጡታል። ዱባይ ወይም ሙስካት ያላችሁ ከኦማን ባሕር የምታገኙትም የዚሁ የእሾሃማው ዘመድ ነው። የደቡብ አፍሪካውም መቆንጠጫ ባይኖረውም ከቀዝቃዛ ውኃ ስለሚወጣ በጥራት ወደ ሜይኑ ይጠጋል።

ልዩነቱ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ የሞቃት ባሕር ጅራት ሁሉ መጥፎ ባይሆንም፣ ርካሹ ጅራት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወገን ነው፤ አያያዙ ከተጓደለ ደግሞ ሲበስል ይላሽቃል። የካሪቢያኑን ለመለየት ጀርባውን እዩ፤ ነጣ ወይም ቢጫ ያሉ ትልልቅ ነጠብጣቦች አሉት። የሜይኑ ጠቆር ያለ፣ አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ ልሙጥ ነው። ዓይን ካላመናችሁ ማሸጊያውን አንብቡ፤ አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ መደብሮች የመጣበትን አገር እንዲጽፉ ሕግ ያስገድዳቸዋል። «ካናዳ» የሚል ጽሑፍ አያስደንግጣችሁ፤ ሜይን ላይ ከሚያዘው ሎብስተር ቀላል የማይባለው ተሻግሮ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ይሰናዳል።

አንድ ፓውንድ የሚከብድ ጅራት አንሥቶ «የሜይን ነው» የሚላችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ ግን ጠርጥሩ። ሜይን ውስጥ ትንሹ ብቻ ሳይሆን የጀርባ ቅርፊቱ ከ5 ኢንች ያለፈ ትልቁም ለዘር እንዲተርፍ ወደ ባሕር ይመለሳል። እንቁላል የተሸከመች ሴት ስትያዝ ደግሞ አጥማጁ ከጅራቷ መቅዘፊያዎች አንዱ ላይ በቪ ቅርጽ ምልክት ቆርጦ ይለቃታል፤ ምልክቱ እስካለ ድረስ በሌላ ጊዜ እንቁላል ባይኖራትም ማንም ሊይዛት አይችልም። ከዚያ ባሕር የሚመጡት ጅራቶች ትንንሽ የሆኑት አንድም በዚህ የተነሣ ነው። ትንሽ መሆናቸው ለእኛ ይጠቅመናል። ከ4 እስከ 6 አውንስ፣ ማለትም ከ113 እስከ 170 ግራም የሚመዝነው ጅራት ለጀማሪ እጅ የተሠራ ነው። ትልቁ መሐሉ እስኪሞቅ ዳር ዳሩ ይደርቃል። ለአንድ ሰው አንድ ግዙፍ ከምትገዙ ሁለት ትንንሽ ግዙ።

ማሸጊያው ላይ ሁለት ነገሮችን ፈልጉ። አንደኛው ሶዲየም ትሪፖሊፎስፌት የሚለው ጽሑፍ ነው። ሥጋው ውኃ ይዞ እንዲከብድ የሚነከርበት ጨው ነው፤ ውኃውን በሎብስተር ዋጋ ትገዛላችሁ፣ ከዚያ ትሪው ላይ ተንጠባጥቦ ታዩታላችሁ። ሁለተኛው በረዶው ነው። ጅራቱን የሸፈነ ስስ የበረዶ ልባስ ደግ ነው፤ ሥጋው በቅዝቃዜ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል። ከረጢቱ ውስጥ የተከመረ ፍርክስክስ በረዶ ካያችሁ ግን አንዴ ቀልጦ እንደገና የረጋ ሳይሆን አይቀርም። መልሱት።

«በረዶ ከሆነው ይልቅ መደብሩ መስታወት ውስጥ ያለው፣ በረዶ ያልሆነው አይሻልም ወይ?» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ አይሻልም። ሎብስተር ሲሞት በሰውነቱ ውስጥ ያሉት የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞች የራሱን ሥጋ መብላት ይጀምራሉ። ሙሉው ሎብስተር በሕይወት እንዳለ የሚቀቀለው፣ ጅራቱም እንደተለየ ወዲያው በረዶ የሚደረገው ለዚህ ነው። መስታወቱ ውስጥ በረዶ ላይ ተኝቶ የምታዩት ብዙ ጊዜ በረዶ የነበረና ሻጩ ያቀለጠው ነው፤ መቼ እንዳቀለጠው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በረዶውን ገዝታችሁ ራሳችሁ አቅልጡ። ሲቀልጥ የባሕር ሽታ ይኖረዋል እንጂ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ከመጣ ወደ ድስት አታስጠጉት፤ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ወደ መደብሩ ሂዱ።

ከመጥራታችሁ በፊት

እንግዳ የምትጋብዙ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሎብስተር በዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሕግ ከማይበሉት የውኃ እንስሳት ወገን ነው፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን የሆነ ዘመዳችሁ፣ እንዲሁም ሕጉን የሚጠብቅ ቤተ እስራኤላዊ ላይበላው ይችላል። ከሙስሊሞች ብዙዎቹ ይበሉታል፣ የሐነፊ መዝሀብ ተከታዮች ግን አይበሉትም። ሰሐኑ ከቀረበ በኋላ «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ እንግዳ እንዳይሸማቀቅ፣ አንድ ዓሣ ወይም ዶሮ ጎን ለጎን አዘጋጁ። ጨዋነትም ነው፣ ወጪም ይቀንሳል።

ከዚህ የሚከብደው አለርጂ ነው። ሽሪምፕ በልቶ ከንፈሩ ያበጠ ወይም ሰውነቱን ያሳከከው ሰው ሎብስተር እንዳይነካ፤ ሁለቱም ውስጥ ያለው አለርጂ ቀስቃሽ ፕሮቲን ተመሳሳይ ነው። አንዳንዱ ሰው ላይ ሎብስተሩ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ብቻ አለርጂውን ይቀሰቅስበታል። ከደጋው አገር የመጣን ሰዎች ዕድሜያችንን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ሳንቀምስ ስለምናድግ፣ አለርጂ እንዳለብን የምናውቅበት አጋጣሚ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ካለ በትንሽ ጉርሻ ይጀምር፣ ጥቂት ይቆይ። መተንፈስ ካስቸገረው ሎሚና ውኃ አትፈልጉ፤ በቀጥታ አምቡላንስ ጥሩ።

በረዶውን ማቅለጥ

በረዶ የሆነ ጅራት በቀጥታ እሳት ላይ ከዋለ ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ በረዶ ይቀራል፣ ሥጋውም ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ጎድጎድ ያለ ሰሐን ላይ አሳድሩት። ረስታችሁ እንግዳ ሊደርስ ከሆነ አየርና ውኃ በማያስገባ ላስቲክ አስራችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይበቃዋል፣ ውኃውን መሐል ላይ አንዴ ለውጡት። በሙቅ ውኃ አይሆንም፤ ዳሩ መብሰል ይጀምራል። ጠረጴዛ ላይ ማሳደርማ ጭራሽ አይታሰብም። የቀለጠው በዚያው ቀን ይሠራ፣ ተመልሶ በረዶ ቤት አይግባ።

መቀሱ

ይህን ክፍል ሰው ይፈራዋል፤ ፍርሃቱ ግን ከንቱ ነው። የሚያስፈልገው ጠንካራ የወጥ ቤት መቀስና አንድ ወፍራም ፎጣ ነው። ፎጣው ለእጃችሁ ነው፤ የእሾሃማው ሎብስተር ቅርፊት ጠርዙ ይወጋል።

ጅራቱን ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ መክተፊያ ላይ አስቀምጡት። ከሰፊው፣ ከአካሉ ከተለየበት በኩል፣ የመቀሱን አንድ ስለት በቅርፊቱና በሥጋው መካከል አስገቡ። ስለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ቅርፊቱ ጫን አድርጋችሁ ያዙት፤ ወደ ታች ካዘነበለ ሥጋውን ይሸረክተዋል። መሐል ለመሐል፣ ክፍል በክፍል እየቆረጣችሁ ወደ ጫፉ ሂዱ። እያንዳንዱ ክፍል ጋ ስትደርሱ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። የጅራቱ መቅዘፊያ ጋ ልትደርሱ አንድ ጣት ሲቀራችሁ አቁሙ። መቅዘፊያው ሳይነካ መቅረት አለበት፤ ሥጋው ተንጠልጥሎ የሚቀረው በእሱ ላይ ነው።

አሁን ገልብጡት። ሆዱ በኩል ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን አለ፤ እሱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ ቀጫጭን ዘንጎችም ይታያሉ። በሁለት አውራ ጣታችሁ መሐላቸውን እየተጫናችሁ ሰበር ሰበር አድርጓቸው፤ አትቁረጧቸው፣ ቅርፊቱ እንዲላላ ብቻ ነው። እንደገና ገልብጡና የተቆረጠውን ቅርፊት እንደ መጽሐፍ ክፈቱት። ጣታችሁን ወይም የማንኪያ እጀታ በሥጋውና በቅርፊቱ መካከል አስገብታችሁ በግራ፣ በቀኝ፣ ከሥርም ቀስ እያላችሁ አላቁት። ጎንና ጎኑን የያዙት ክሮች ትንሽ ይታገላሉ፤ አትጎትቱት፣ ከሥር ከሥሩ እየገፋችሁ ሂዱ። ሥጋው ሲላቀቅ ከመቅዘፊያው ጋር እንደተያያዘ ወደ ላይ አንሡት፣ ቅርፊቱን ከሥሩ ግጠሙ፣ ሥጋውን ላዩ ላይ አስተኙት።

ጀርባው ላይ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ክር ካያችሁ አንጀቱ ነው፤ በቢላዋ ጫፍ አንሥታችሁ ጎትቱት፣ ብዙ ጊዜ ሳይበጠስ ይወጣል። ሥጋውን ላይ ላዩን ብቻ ሁለት ሦስት ቦታ አግድም ሰንጠቅ አድርጉት፤ ሲሞቅ እንዳይጠቀለል ይረዳል፣ በኋላም ውስጡን ለማየት መስኮት ይሆናችኋል። ከዚያ በወረቀት ፎጣ በደንብ አድርቁት። ውኃ ያለው ሥጋ በእንፋሎት ይገረጣል እንጂ ላዩ ወርቃማ አይሆንም።

ሎሚ አሁን አትጨምቁበት። ይህን የምለው ዶሮን በሎሚ ሳናጥብ ድስት የማናስነካ ሰዎች ስለሆንን ነው። የሎሚው ኮምጣጣነት ጥሬውን ሥጋ ነጭ ያደርገዋል፤ ከዚያ የበሰለውን ካልበሰለው በዓይን የምትለዩበት ነገር አይኖርም። ሎሚው ቦታው ማዕዱ ላይ ነው።

እሳቱ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው የኦቭኑን የላይኛውን እሳት፣ ብሮይል የሚባለውን ነው። ምክንያቱም ሥጋውን ከላይ ሆናችሁ እያያችሁ ታበስላላችሁ። መደርደሪያውን ከእሳቱ በ15 ሳንቲሜትር ያህል ርቀት ላይ አድርጉና ቀድማችሁ በደንብ አግሉት። ጅራቶቹን ፓትራ ላይ ደርድሩ፤ ወደ ጎን የሚጋደል ካለ ፎይል ጠቅልላችሁ ደግፉት። መቅዘፊያዎቹ ቶሎ ስለሚያርሩ በትንሽ ፎይል ሸፍኗቸው። ሥጋውን በቀለጠ ንጥር ቅቤ ቀቡት፣ ቁንጥር ጨው በቂው ነው። ለመልኩ ጣፋጩን የፈረንጅ በርበሬ፣ ፓፕሪካ የሚሉትን፣ ነስነስ አድርጉበት። የእኛን በርበሬ አይደለም፤ እሱ ማቁላላት ይፈልጋል፣ እዚህ ደግሞ ለማቁላላት ጊዜ የለም።

ባለ 4 አውንሱ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ፣ ባለ 6 አውንሱ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይወስዳል። ቁጥሩ ግን መነሻ ነው፤ የአንዱ ቤት ኦቭን ከሌላው አይገጥምም። የኦቭኑን መብራት አብርታችሁ ቁሙና እዩ። ጥሬው ሥጋ ግራጫ፣ መስተዋት መስተዋት የሚል ነው። መጀመሪያ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ከዚያ ጠርዙ ይነጣል፣ ንጣቱ ወደ መሐል ይሄዳል፣ የሰነጠቃችኋቸው ቦታዎች ይከፈታሉ። በስንጥቁ ውስጥ ስታዩ ጥልቁ ድረስ ነጭ ሆኖ ግን ወዝ ያለው ከሆነ ደርሷል። ጥልቁ ላይ ገና መስተዋት የመሰለ ነገር ካለ አንድ ደቂቃ ጨምሩ። ነጭ የእርጎ ፍርፋሪ የሚመስል ነገር ከሥጋው እየጨመቀ መውጣት ከጀመረ ግን አልፎታል፤ ሮጣችሁ አውጡት።

የቅርፊቱ መቅላት አያታልላችሁ። ስልክ ደውለው «ቀይ ሆኗል፣ ላውጣው?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ቅርፊቱ ውስጥ አስታዛንቲን የሚባል ቀይ ቀለም መጀመሪያውኑም አለ። ሎብስተሩ በሕይወት ሳለ ፕሮቲን ስለያዘው ነው ጠቁሮ የሚታየው። ሙቀቱ ፕሮቲኑን ሲፈታው ቀዩ ይወጣል። ይህ ደግሞ የሚሆነው ሥጋው ገና በጥሬነቱ እያለ ነው። ስለዚህ ቀይ ቅርፊት የሚነግራችሁ እሳቱ መንካቱን ብቻ ነው።

ገንዘብ አውጥታችሁ ጅራት ከገዛችሁ ቴርሞሜትርም ግዙ፤ ከአንድ ጅራት ብዙም አይበልጥም። ጫፉን በጎን በኩል ወደ ወፍራሙ ክፍል መሐል አስገቡ። 57 ወይም 58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲል፣ በአሜሪካኑ 135 ፋራናይት ገደማ፣ አውጡት። ከእሳት ወጥቶም መሞቁን አያቆምም፤ ሰሐኑ ላይ ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለባሕር ምግብ የሚመክረው 63 ዲግሪ ነው፤ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ልጅ፣ አረጋዊ ወይም ታማሚ የሚበላ ከሆነ በዚህ ቁጥር ላይ አትደራደሩ። 63 ላይ የወጣ ጅራትም ጥሩ ነው። ጎማ የሚሆነው 70ን አልፎ «ትንሽ ይቆይ» ሲባል ነው።

የሞቃት ባሕር ጅራት ከሆነ ወይም የኦቭናችሁን የላይኛ እሳት ካላመናችሁት በእንፋሎት አብስሉት። እንፋሎት ይቅር ባይ ነው፤ አንድ ደቂቃ ብታሳልፉ እንደ ብሮይል አይቀጣችሁም። ድስት ውስጥ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ጨው ያለው ውኃ አፍሉ፣ ወንፊት መሳይ መደርደሪያ ከላይ አድርጉ። ጅራቱን ለዚህ መክፈት አያስፈልግም፤ እንዳይጠቀለል ብቻ በረጅም የእንጨት ስንጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰኩት። ክደኑት። ባለ 4 እና ባለ 5 አውንሱ ከ6 እስከ 7 ደቂቃ፣ ባለ 8 አውንሱ 9 ደቂቃ ገደማ ነው። ክዳኑን በየደቂቃው እያነሣችሁ እንፋሎቱን አታባክኑ።

መቀቀልም ይቻላል፤ ጨውን ለአንድ ሊትር ውኃ 35 ግራም ያህል አድርጉ፣ የባሕር ውኃ ጨው ልክ ነው። እኔ አልወደውም፣ ጣዕሙ ውኃ ውስጥ ይቀራል። በበጋ ከሰል ካቀጣጠላችሁ ጅራቱን በትልቅ ቢላዋ ለሁለት ከርዝመቱ ሰንጥቁት፣ ቅቤ ቀብታችሁ ሥጋውን ወደ እሳቱ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ገልብጣችሁ በቅርፊቱ በኩል ሌላ ሦስት ደቂቃ። ማይክሮዌቩን ለሻይ ተዉት።

ቅቤው

ፈረንጆቹ ጅራቱን የሚያጠቅሱት በነጠረ ቅቤ ነው። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስተማር ድፍረት ስለሆነ አላብራራውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ የአሜሪካ የመደብር ቅቤ ቢያንስ 80 በመቶው ስብ ነው፣ ቀሪው ውኃና የወተት ተረፈ ነገር ነው፤ ያልነጠረ ቅቤ ብሮይል ሥር የሚያርረው በዚያ ተረፈ ነገር የተነሣ ነው። በለጋ እሳት አቅልጣችሁ አረፋውን ግፈፉ፣ አተላውን ትታችሁ የጠራውን ቅዱ።

ከእናታችሁ የተላከው ቅመም የገባበት ንጥር ቅቤ ይሁን ወይ ለሚለው፣ ብቻውን አይሁን ባይ ነኝ። ኮሰረትና በሶብላ ክትፎ ላይ ንጉሥ ናቸው፤ የሎብስተር ሥጋ ግን ዝም ያለ ጣፋጭነት ነው ያለው፣ ከእነሱ ሥር ይጠፋል። ለሦስት እጅ ቅመም የለሽ ንጥር ቅቤ አንድ እጅ የኛን ቀላቅሉ፣ ኮረሪማው ከሩቅ ይሸታል፣ ያ ይበቃል። አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣችሁ ለአፍታ አሙቁበትና አውጡት። ሊቀርብ ሲል ሎሚ ጭመቁበት፣ ሚጥሚጣ በሁለት ጣት ቆንጥራችሁ ጣል አድርጉ። ሚጥሚጣ ይስማማዋል፤ ማቃጠሉ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል። አዋዜ ግን ሌላ ምንም አያስቀምስም።

በእንጀራ ለመብላት የሚፈልግ ይሞክር፤ አልከለክልም። እኔ ግን የእንጀራው ኮምጣጣነት ሥጋውን ይሸፍንብኛል። ድፎ ዳቦ ቅቤውን ሲመጥ የተሻለ ነው። የተቀቀለ ድንችና በቆሎም ይሄዱለታል፣ የኒው ኢንግላንድ፣ ማለትም የዚህ የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ አካባቢ፣ ሰዎች የሚያቀርቡት እንደዚያ ነው።

የተረፈ ካለ አታሙቁት፤ ዳግመኛ እሳት ያየ ሎብስተር አይበላም። ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድራችሁ በማግስቱ በጥቂት ማዮኔዝና በሎሚ ለውሳችሁ፣ በቅቤ የተጠበሰ ለስላሳ ዳቦ ውስጥ አድርጋችሁ ብሉት። እዚህ ሰዎች ለዚህ ሲሉ ሰልፍ ይቆማሉ።

ቅርፊቱ

ቅርፊቱን የጣለ ሰው ግማሹን ገንዘብ ጥሏል። ከማዕዱ ሰብስቡት፣ እጠቡት፣ በላስቲክ አድርጋችሁ በረዶ ቤት አጠራቅሙት። የአራት አምስት ጅራት ሲሞላ በጥቂት ዘይት ድስት ውስጥ እያመሳችሁ ሽታው ቤቱን እስኪሞላ አቁላሉት። አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮት፣ ካለ ሴለሪ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ጨምራችሁ አዟዙሩ፤ ከዚያ ውኃ እስኪሸፍነው ድረስ ሙሉበትና በለጋ እሳት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይንተክተክ። ከዚያ በላይ ከቆየ ይመራል፤ የአጥንት መረቅ አይደለም፣ ሌሊቱን ሙሉ አይጣድም። በስስ ጨርቅ አጥልሉት። የተሰበረ ቅርፊት ሹል ስለሆነ በወንፊት ብቻ አትመኑ።

በሳምንቱ ውስጥ ሩዝ ስትቀቅሉ በውኃው ፈንታ ይህን ጨምሩ፤ የቀረውን በበረዶ መሥሪያ ዕቃ ሞልታችሁ በረዶ አድርጉት። ጨው መጨመር የሚገባው ሩዙ ከበሰለ በኋላ ነው፤ ፎስፌት ከተነከረ ጅራት የመጣ ቅርፊት መረቁን አስቀድሞ ጨዋማ አድርጎት ይሆናልና ቅመሱት።